ያልራሰው የሸራ ቦት

በሰለች ጧፍ ጠምዛዥ ነበረች። ዝናብ ሲጥል የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ሰማዩን ሲያይ፣ እሷ ጎንበስ ብላ የሰውን እግር ታያለች። ጫማው የራሰ ሰው ቤቷ ከገባ ጤና ይስጥልኝ ሳይል በፊት ምድጃ ዳር ታስቀምጠዋለች። ጎረቤት ይስቅባታል። ይሳቅ! ባሏ ወልደጻድቅ በቅሎ ነጂ ነበር፤ ከጣርማ በር በሸራ ጫማ ዝናብ ሲደበድበው መጥቶ፣ ብርዱ ከእግሩ ገብቶ ሳንባው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ልጃቸው ዘርአ ዳዊት ያን ጊዜ ጡት እንኳ አልጣለም።

ልጁ አድጎ አስተማሪ ሆነ፤ ሳንባው ግን የአባቱ ነው። ባለፈው ክረምት እግሩ ርሶ አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ፣ ሐኪሙ እናቱን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «እንዲህ ያለ ብርድ ከደገመው አይችለውም» ብሎ እቅጩን ነግሯታል።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ እንግዲህ አስተማሪዎቹ ቲያትር እናሳይ አሉ። ዘርአ ዳዊት የጦር አዝማች ሆነ። የት ነው የሚታየው? በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመው መስክ ላይ! የቆዳ ቦት ጫማ ስለጠፋ ልብስ ሰፊው ካረጀ የካሚዮን ሸራ ቦት ሰፍቶ በጥላሸት አጠቆረው። ከሩቅ ሲያዩት የደጃዝማች ነው፤ ከቅርብ ወንፊት።

«እማዬ፣ እስቲ እይኝ! ጄኔራል አልመስልም?»

«እሱን ጭቃው ይነግርሃል። አውልቅና ወዲህ በል።»

ሸራ ውሃ እንዳያስገባ ሰም ከበግ ሞራ ጋር ቀልጦ ይቀባል፤ ሞራ ከሌለው ሰሙ በብርድ ይሰነጠቃል። ሸራው እሳት ዳር ሞቅ ይላል፣ በጨርቅ ይታሻል፣ ስፌቱ ላይ ይደገማል። ይኼን በሰለች ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። ሰም ግን አልነበራትም። ማር ገና አልተቆረጠም፤ ያላትን ሁሉ ለዘመን መለወጫ ጧፍ ጨርሳዋለች። ጎረቤቷን ይመኙሻልን ብትለምናት፣

«በመስከረም ሰም? ለምን ከአውራ ዶሮ እንቁላል አትለምኚም!» ብላ ሳቀችባት።

ቆጥ ላይ አንድ ቋጠሮ ነበረ፤ በወልደጻድቅ ተዝካር ዕለት የበራው ጧፍ ቁራጭ። ሙያውን ያስተማረቻት እናቷ አንድ ደንብ አጥብቃ ነግራታለች። ለሙት የበራ ጧፍ ትራፊው ቀልጦ መልሶ ለዚያው ሙት ይበራል እንጂ የሕያው ገላ አይነካውም። በሰለች በየዓመቱ ልትመልሰው ትነሣለች፣ በየዓመቱ እጇ እምቢ ይላታል። አሁን ፈታችው።

«ለልጅህ እኮ ነው» አለችው ቋጠሮውን፤ ከሞራው ጋር ጨመረችው።

ሲቀልጥ የሰም ሽታ አልነበረውም። የራሰ በቅሎ ሸተተ። ሞራው ነው ብላ አልፋ ቦቱን ቀባችው።

የቲያትሩ ዕለት ቀትር ላይ መስኩን ጉም ዋጠው። ተዋንያኑ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እየሰመጡ፣ የተዋጠ ጫማቸውን እየነቀሉ ሲንደፋደፉ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዘርአ ዳዊት ብቅ ሲል ግን ሳቁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። አይሰምጥም። ሣሩ ከእግሩ ሥር አይተኛም፤ የሌሊቱ ዝናብ ጠብታ እንኳ ከሣሩ ጫፍ አይረግፍም። ደግሞ ግራ እግሩን ይጎትታል።

ይመኙሻል የበሰለችን ነጠላ ጨበጠች። «አንቺ፣ ልጅሽ ምን ሆኖ ነው የሚያነክሰው?»

«ምንም አልሆነ።»

«ታዲያ ይኼ አረማመድ የማን…» ይመኙሻል አልጨረሰችውም። ወልደጻድቅ በቅሎ ግራ እግሩን ረግጣው እንዲህ ሲያነክስ ኖሯል። ልጁ ደግሞ አባቱ ሲራመድ አይቶ አያውቅም።

ቲያትሩ ሲያልቅ ቦቱን ራሷ አወለቀችለት። እግሩ ደረቅ ነው፤ ደግሞ ይሞቃል።

«ምን አድርገሽበት ነው እማዬ? ሰው አዝሎኝ የሚሄድ ነው የመሰለኝ! በመስቀል ማግሥት አንኮበር ላይ እንደግመዋለን፤ ቦቱን እንዳትነኪብኝ!»

ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀር እሷ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። የቤቱ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው፣ በሩም እንደተቆለፈ ነው። ስትከፍተው ከደፉ ጀምሮ ርጥብ ዱካ አየች፤ ቀኙ ሙሉ፣ ግራው የተጎተተ። ዱካው ምድጃው ዳር ሲደርስ ያበቃል። እዚያ ውሃ አቁሯል፤ አንድ ሰው ቆሞ ሲንጠባጠብ የዋለ ይመስላል። እሳቱ ጠፍቶ ነበር።

ገባት። የልጇን እግር ውሃ ሳይነካው የቀረው፣ ሌላ ሰው ስለራሰለት ነው።

ቦቱን እንዳለ ብትተወው ዘርአ ዳዊት አንኮበር ላይም ይደርቅለታል፤ ወልደጻድቅ ግን እንደገና ይርሳል፣ በየዝናቡ ይርሳል። ሰሙን ብታወጣው ደግሞ የሐኪሙ ቃል አለ። ርጥቡ መሬት አጠገብ ብዙ ተቀመጠች።

«ያን ጊዜም እግርህን ሳላደርቅልህ ሄድክ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ደግሞ እኔው ላራስህ?»

ቦቱን በፈላ ውሃ ቀቀለችው። የተንሳፈፈውን ሰም ሰብስባ ጧፍ ጠመዘዘችና ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደአረጋይ ወስዳ ሰጠች።

«ለወልደጻድቅ ይብራልኝ አባቴ። እግሩ እንዲደርቅ።»

«እግሩ?»

«ነፍሱን ማለቴ ነው። ብቻ ይብራልኝ።»

ለአንኮበሩ ግን ጊዜ ነበራት፤ ሰላ ድንጋይ ካለ ዘመዷ ዘንድ የዓምና ሰም አስመጣች። ቦቱን ቀባችው፣ ደገመችው፣ ውስጡን ደረቅ ገለባ ጎዘጎዘችው። ቁልፉን ለይመኙሻል ሰጥታ «እሳቴን አደራ» አለቻትና ደረቅ ካልሲ ጉያዋ ውስጥ እያሞቀች ልጇን ተከትላ ወጣች።

አንኮበር ላይ ካፊያው አላባራም። ዘርአ ዳዊት እንደማንም ሰው ሰመጠ፣ ሣሩን ደፈጠጠ፣ በሁለት ደህና እግሩ ተንሸራቶ በቂጡ ቁጭ አለ፤ ሕዝቡ ሳቀ። እናቱ ብቻ አልሳቀችም። ሲወጣ ተሽቀዳድማ ቦቱን ነቀለችው። ገለባው እንደደረቀ ነው፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ ብቻ ረጠብ ብሏል። ካልሲውን አጠለቀችለት። አንድ ጊዜ አነጠሰው።

«ይማርህ!» አለች። ሳሉን ጠበቀች፤ ሳሉ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም።

ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ይመኙሻል ቁልፉን ይዛ ደጅ ጠበቀቻት። «ውይ በሰለች፣ ይቅር በይኝ! እሳትሽን ፈጽሞ ረሳሁት፤ በሩንም አልከፈትሁት።»

በሰለች ከፈተችው። እሳቱ እየነደደ ነበር። ወለሉ ላይ አንድም ርጥብ ዱካ የለም። ምድጃው ዳር ብቻ፣ ከሰው እግር ረግፎ የወደቀ የሚመስል ጭቃ ነበር፤ ክው ብሎ የደረቀ።

ከዚያ ወዲያ እስክታርፍ ድረስ ክረምት በመጣ ቁጥር በሰለች ቤት እሳት ጠፍቶ አያውቅም፤ ማን እንደሚቆሰቁሰው ለጠየቃትም መልሳ አታውቅም።