ንቅናቄና የማያልቀው ባትሪ

ጎረቤቴ ቀለም ቀቢ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ንቅናቄ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሙዚቃ ሲሰማ ጭንቅላቱ አያርፍም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤ ቡሩሹም አብሮት። ከኋላ ሆኖ ላየው ሰው ከግድግዳው ጋር በነገር ሁሉ የተስማማ ይመስላል።

ሙዚቃውን የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ፣ አውራ ጣት በምታክል ማጫወቻ ነበር። ታናሽ እህቱ አዲስ ስልክ ስትገዛ የሰጠችው ናት። መስታወቷ ተሰነጣጥቋል፤ አንዷ ቁልፏ ስለወደቀች በክብሪት እንጨት ነው የምትነካው። «ለምን በስልክህ አትሰማም?» ሲሉት፣ «ስልክማ ዘፈኑ ሊጥም ሲል ‹የት ነህ› የሚል ሰው ያስገባብሃል» ይላል።

ችግሩ ባትሪዋ ነው። ስላረጀ፣ ጠዋት ሞልቶት የወጣው የመጀመሪያው ግድግዳ ሳይደርቅ ያልቃል። ያኔ ንቅናቄ ቀሪውን ራሱ ይዘፍነዋል። ይህን ለሰማ ሰው እግዜር ይሁነው! አንድ ክሊኒክ ሲቀቡ ነርሷ ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ «ማነው የታመመው?» ብላለች። ፎርማኑም በመጨረሻ መረረውና፣ «ወንድሜ፣ ወይ ባትሪ ፈልግ፣ ወይ አፍህን ዝጋ» አለው።

ንቅናቄም ማጫወቻዋን ይዞ ሰፈራችን ወዳለችው ስልክ ጠጋኝ ሄደ። ጠጋኟ ባንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክታ፣ ማስቲካ እያኘከች ገለባብጣ አየቻትና፣

«የዚህ ባትሪ አሁን አይገኝም። ጣላትና ሌላ ግዛ» አለችው።

«እሷን? ቤተሰብ ናት እኮ!»

ሳቀችና ከመሳቢያዋ ሁለት ጠፍጣፋ ባትሪዎች አወጣችለት፤ ስክሪናቸው ከተሰበረ ስልኮች የተረፉ ናቸው። «እኩል ሞልቼልሃለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አገናኛቸው፤ ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ከተሳሳትክ ዘፈን ሳይሆን ጭስ ነው የምትሰማው።»

«ጭስ ይሰማል እንዴ?»

«አንተ ዘንድ ከሆነ ይሰማል» አለችና ጫፉ እንደ እርሳስ የቀጠነ የሽቦ መበየጃ ካውያ አዋሰችው።

ሥራው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተጀመረ። ሽፋኗን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ፣ ጥፍር የምታክለዋን አሮጌ ባትሪ ነቅሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሽቦ ከሽቦ አጣበቀ። መጀመሪያ የተቃጠለው የጠረጴዛው ፕላስቲክ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ስኳር መያዣውን ጎተት አድርጎ አስቀመጠበት። ቀጥሎ አውራ ጣቱ። በመጨረሻ ግን ማጫወቻዋ ብልጭ አለች፤ የሱም ልብ ቅቤ ጠጣ።

ብቻ አሁን ሽፋኗ አልገጥም አለ። አዲሶቹ ባትሪዎች ከሷ ከራሷ ይበልጣሉ፤ ሕፃን ሁለት ጎልማሶችን ያዘለች ትመስላለች። ቤቱን ዞሮ ዞሮ ልኳ የሆነ አንድ ዕቃ አገኘ። ሚስቱ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣

«አንተ፣ የሳሙናው ማስቀመጫ የት ሄደ?» አለች።

«ሳሙናው አለ እኮ።»

«ሳሙናውማ መሬት ላይ ነው። ቤቱን ነው የምጠይቅህ።»

«ተከራይ ገብቶበታል።»

በማግስቱ የሳሙና ማስቀመጫውን ቀበቶው ላይ በላስቲክ አስሮ ሥራ ገባ። ማጫወቻዋ ጠዋት ዘፈነች፤ ከምሳ በኋላ ዘፈነች፤ በአውቶቡስ ሲመለስ ዘፈነች፤ እራት ላይም ዘፈነች። በሚቀጥለውም ቀን ያው። ፎርማኑ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ንቅናቄ ጆሮ ውስጥ ሙዚቃ ማለቂያ አጣ።

ጣጣው እዚህ ላይ ጀመረ። ይህ ሰው ድሮም ይነቀንቃል፤ ግን ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ሰው የሚያናግረው ጭንቅላቱ ካረፈ በኋላ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ፣ የተጠየቀውን ሁሉ በመነቅነቅ የሚቀበል ሰው ሆነ።

ፎርማኑ መጥቶ፣ «ሌሎቹን ወደ ሌላ ሥራ ልወስዳቸው ነው፤ ሦስተኛውን ፎቅ ብቻህን ትጨርሰዋለህ?» አለው። ነቀነቀ። «ኮርኒሱንም ጭምር?» ጭራሽ በጋለ ስሜት ነቀነቀ። ፎርማኑ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም እያለ ሄደ። ከሕንፃችን ሥር ያለው ልብስ ሰፊ መሰላሉን ለመዋስ ጠየቀው፤ ነቀነቀ። መሰላሉ ሄደ።

ሚስቱ ደግሞ ድንች እየላጠች፣ «እናቴ ብቻዋን መኖሩ ከበዳት። እኛ ጋ ብትመጣ ምን ይመስልሃል?» አለችው። ያየችው መልስ እውነት አልመስል ስላላት ደግማ ጠየቀችው። ለማረጋገጥ አንዴ ጨመረች። ሦስቴም ነቀነቀ፤ በሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉ። እሷም ተነስታ ግንባሩን ሳመችው። እሱ የሳመችው በድንቹ ደስ ብሏት መስሎታል።

የኮሚቴውን ጉዳይ ግን እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ። የሕንፃችን ነዋሪዎች ግቢው ውስጥ ወንበር ይዘን ወጥተን ተሰበሰብን። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ስለ ውሃው ታንከር፣ ስለ ደረጃው አምፖል፣ ስለ ውሻው ጩኸት ክስ መስማት ሰልችቷቸዋል። «በቃኝ። ማን ይተካኝ?» ሲሉ ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። ከኋላ ረድፍ የሚንቀሳቀስ አንድ ጭንቅላት ብቻ ነበር።

«አንተ ልጄ፣ ኃላፊነቱን ትቀበላለህ?» አሉ መምህሩ።

ዘፈኑ የጦፈበት ቦታ ላይ ሳይደርስ አልቀረም፤ አገጩ ደረቱን እስኪነካ ነቀነቀ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ንቅናቄም ጭብጨባውን አየና፣ ስብሰባው አለቀ ብሎ አብሮን አጨበጨበ፤ ወንበሩን አንስቶም ወደ ቤቱ ወጣ።

ሁሉም ነገር ባንድ ቀን ፈነዳ። ከሥራ ሲመለስ አንድ ታክሲ በር ላይ ቆሟል፤ አማቱ ከነሻንጣቸው፣ ከነልብስ ስፌት መኪናቸው ወርደዋል። ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ፣ ሮጦ ዕቃውን ተሸከመ። መኪናዋን ደረጃ ለደረጃ እያለከለከ ሲያወጣ አማቱ ከኋላው፣ «እሺ ስላልክ ተባረክ ልጄ። እንዳንተ ያለ አማች ማን አለው?» ይላሉ። ለጥየቃ የመጡ መስሎታል እንጂ ነገሩ ገና አልገባውም። በሩ ላይ ሲደርስ ሦስት ጎረቤቶች ቆመው ይጠብቁታል።

«ሊቀመንበር፣ ውሃ ከትናንት ጀምሮ የለም» አለ አንደኛው።

«የምን ሊቀመንበር?»

«አንተ ነሃ!»

ክው አለ። የስፌት መኪናዋን መሬት አስቀመጣት። ሚስቱን ወደ ወጥ ቤት ጠርቶ በሹክሹክታ፣ «እናትሽ ለስንት ቀን ነው የመጡት?» አለ።

«ምን ማለት ነው ለስንት ቀን? ሦስቴ ጠይቄህ ሦስቴ እሺ አላልክም?»

«እኔ? ኧረ ዘፈኑ ነው ያስነቀነቀኝ!»

«ታዲያ ዘፈኑ ይመልሳት!»

ወደ መምህሩ ሮጠ፤ ሹመቱን እንዲያነሱለት ለመናቸው። መምህሩ የቤት ጫማቸውን አድርገው ሻይ ይጠጣሉ፤ ፊታቸው በአሥር ዓመት ያነሰ መስሏል። «አንድም ሰው ሳይቃወም ነው የተመረጥከው፤ አንተን ጨምሮ። ለራስህ ስታጨበጭብ አይቻለሁ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ማጫወቻዋን ይጥላታል። ንቅናቄ ግን ሌላ ዘዴ ፈጠረ፤ ጭንቅላቱን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ግራና ቀኝ መወዝወዝ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ለማንም እሺ አልልም» አለኝ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ። ብልሃቱ የቆየው እስከ እራት ነው። አማቱ ቀኑን ሙሉ ሲለፉበት የዋሉትን ሾርባ ቀድተውለት፣

«ጣፈጠህ ልጄ?» አሉት።

ወዘወዘ።

«ጨው አነሰው እንዴ?»

ወዘወዘ።

«ታዲያ... እኔ መምጣቴስ ደስ ብሎሃል?»

እዚህ ላይ ጥቂት ወዝወዝ አድርጎ ቀና ሲል፣ ሚስቱ ማንኪያዋን ይዛ ፈዛለች፤ አማቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እሱ ምን እንደተባለ እንኳ አያውቅም። አማቱ ብድግ ብለው አንዱን የጆሮ ማዳመጫ መንጭቀው አወጡት።

«ለመሆኑ ከሰው የሚበልጥ ምን ቢዘፈን ነው?» አሉና በራሳቸው ጆሮ ሰኩት።

ትንሽ ቆይቶ አገጫቸው ዝቅ፣ ቀና፤ ዝቅ፣ ቀና ማለት ጀመረ። ሚስቱ ነገሩን አየችና ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ የዛሬውን ዕቃ አንቺ ታጥቢዋለሽ?» አለች።

አማቲቱ ከልባቸው ነቀነቁ። ባልና ሚስት በሳቅ ሾርባው ላይ ወደቁ። አማቱ ማዳመጫውን ነቅለው፣ «ምን ብዬ ነው የምትስቁት?» አሉ። ሲነገራቸው እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ንቅናቄ እየተንተባተበ ሁሉንም ተናዘዘ፤ ስለ ፎቁ፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለሳቸውም ጭምር። የመጨረሻውን ሲናገር ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እንግዲህ እኔ መጥቻለሁ፤ አልመለስም» አሉ አማቱ። «ሌላውን ግን ለኔ ተወው።»

በማግስቱ የስፌት መኪናቸውን ወደ ደረጃው በሚያየው መስኮት አጠገብ አስጠጉ። ለንቅናቄ አቤት የሚል ሁሉ በሳቸው በኩል ሆነ የሚያልፈው። እሳቸው ደግሞ እንቢ ማለት የሚቸግራቸው ሰው አይደሉም። በታንከር ውሃ መኪናውን የሚያጥበውን ሰውዬ ባልዲውን ቀሙት። ባለ ውሻውን «አንተ ነህ ወይስ እሱ የሚጮኸው?» ብለው አሳፈሩት። ልብስ ሰፊው መሰላሉን አምጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አዝራርም መረቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ መምህሩ ራሳቸው ተነስተው ሊቀመንበርነቱ ለአማቲቱ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። አማቲቱም እንደ ሌላው ዝም ብለው አልተቀበሉም፤ መጀመሪያ የደረጃው አምፖል እዚያው ፊታቸው ካልተቀየረ አሻፈረኝ አሉ። ተቀየረ።

ንቅናቄ ለሳቸው ምስጋና ብሎ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ፈታና ከሳሙና ማስቀመጫው ጋር አያያዘው። አሁን ማጫወቻዋ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው አጠገብ ትዘፍናለች፤ አማቲቱ በምቷ ልክ ፔዳላቸውን ይረግጣሉ፤ ሚስቱም አሁን የምታወራው ከባሏ ጋር ይሁን ከዘፈኑ ጋር ታውቃለች።

እሱ ግን ባዶ ጆሮውን ነው ሥራ የሚሄደው። ሦስተኛውን ፎቅ ከነኮርኒሱ ብቻውን እየጨረሰ ነው። ባለፈው ደረጃ ላይ ስንገናኝ፣ «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ፎርማኑ ቀልድ ይወዳል ለካ» አለኝ። «ስንት ዓመት አብሬው ስሠራ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«ያስቃል?»

ጭንቅላቱን ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዘ። በዚህ ጊዜ ዘፈን አልነበረም።