የሊቁ ኬክ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ አትላንታ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ አቆምኩ፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ባለፈው ሳምንት ግን ዕቃ ሳጥብ የወንድሜ ብይ ከእጁ አምልጣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ወደቀችና እየተንቀጫቀጨች ስትዞር፣ እጄን ከውሃው ሳላወጣ ቆሜ ቀረሁ። ድምፁ የአማ ዳይስ ድምፅ ነበር።

አማ፣ እናቴ ማታ ማታ ዕቃ የምታጥብበት አትላንታ ዳር ባለችው ዶራቪል የሚገኘው የቻይና ምግብ ቤት ባለቤት እናት ነበሩ። በአገራቸው ቋንቋ አማ ማለት አያት ማለት ነው፤ በሌላ ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። አባታችን ሱዳን በስደት ሳለን ስለሞተ እማዬ ብቻዋን ነበር የምታሳድገን፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔንና ትንሹን ወንድሜን ዮናስን ይዛን ትሄድና ወጥ ቤቱ ጥግ አማ ዘንድ ታስቀምጠን ነበር።

የአበባው ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ በሚያለብስበት ወቅት ከአማ ጋር ፎሶልያ እንቀነጥብ ነበር። እጃቸው ሲደክም የሩዝ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ በትነው በጣታቸው የተወለዱበትን ከተማ ይሥሉልኛል፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅባቸው የልጅ ልጃቸው ሜይ ትሞላላቸው ነበር። ከተማው ሺያመን ይባላል፤ ቻይና ውስጥ ያለ ደሴት ነው። አንድ ፎሶልያ አጋድመው ከየብሱ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ያሳዩኛል፤ ከጎኑ ደግሞ ሰው በጀልባ ተሻግሮ በእግሩ ብቻ የሚሄድባት፣ መኪና የማይገባባት ትንሽ ደሴት አለች። ሰዉ ከዓሣና ከመርከብ ይኖራል፣ ከተራራው ሻይ ይወርድለታል፣ ወንዶቹ ባሕር ተሻግረው ሠርተው በሚልኩት ቀይ የጡብ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ ሲያልቅ ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚቀመጡት አሮጊቶች ናቸው። አሁን ደግሞ እህታቸው እንደምትጽፍላቸው፣ የፍራፍሬው ማሳ ተመንጥሮ የጫማና የጃንጥላ ፋብሪካ እየተተከለበት ነበር።

«ብመለስ ሰፈሬን ሰው ጠይቄ ነው የማገኘው» ይሉና ዱቄቱን በመዳፋቸው ይጠርጉታል።

ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት በጋ ቤት ቀየርን። እማዬ ደንዉዲ በሚባል ሰፈር ቢሮ የማጽዳት የቀን ሥራ ጨመረች፣ ዮናስን ቀን የሚይዝ ደግሞ አልተገኘም። አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም ብላ «ሺፍቱን ካንስል ካደረግኩ ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለችኝ። «ከትምህርት የምትቀሪው ዮናስ ከፍ እስኪል ነው። ለዘላለም አይደለም።»

«እሺ» አልኩ። የድሮው ትምህርት ቤት በአዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት የገባሁ መሰለው፣ የአዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት ደግሞ መኖሬን አላወቀም፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ሲመጣ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ፣ ዛሬ እማዬ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ለእነ አማ ትምህርት ማቆሜን አልነገርንም።

ሙቀቱ በረድ ሲል የጨረቃ በዓላቸው መጣ። ቀኑ ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱን ዘግተው፣ አማ ትልቅ ሳህን ጠረጴዛው መሐል አኑረው ስድስት ዳይስ፣ በየጎናቸው ነጥብ ያለባቸውን የመጫወቻ ጠጠሮች፣ አወጡ። ጨዋታው የሺያመን ብቻ ነው፤ በጥንት ጊዜ ባሕር ተሻግረው ሊዘምቱ እዚያ የሰፈሩ ወታደሮች ቤታቸው እንዳይናፍቃቸው አለቆቻቸው ፈጠሩት ይባላል። ሽልማቱ ኬክ ነው፤ ኬኮቹ የሚጠሩት በጥንት የተማሩ ሰዎች ማዕረግ ነው። ትንንሾቹ የመንደር ተማሪ ናቸው፤ በቆርቆሮ ሣጥን ያለው ትልቁ ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ በንጉሥ ፊት ተፈትኖ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ የወጣው ሊቅ ነው። የዳይሱ ባለአራት ነጥብ ጎን ቀይ ነው፤ አራት ቀይ የጣለ ይወስደዋል፤ ትንንሾቹ እስኪያልቁ ድረስ ግን የበለጠ የጣለ ይነጥቀዋል።

«ዳይሱ ከሳህኑ ከወጣ ተራሽ አለፈ» አለችኝ ሜይ።

ጣልኩ። ዳይሶቹ ተንቀጫቅጨው ሲያርፉ አራቱ ቀይ ሆኑ።

«ሊቃችን ይህች ናት» አሉ አማ፣ ሣጥኑን ወደ እኔ እየገፉ። «ዘንድሮ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች።»

«ሰባተኛ ነሽ አይደል እንደኔ?» አለች ሜይ። «በቃ የቤት ሥራዬን አንቺ ትሠሪያለሽ።»

ከኋላዬ እማዬ የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ስትዘጋ ሰማሁ።

አማ እማዬን ጠሯት። ከጣራው ሥር ያለ ሁሉ መጣል አለበት አሉ። «ሥራ ላይ ነኝ» አለች፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ግን «ዛሬ ማንም ሥራ ላይ የለም» ብሎ ዳይሱን ሰጣት። አረፋ ባለበት እጇ፣ ሳህኑን እንኳ ሳታይ ለቀቀችው። አምስት ቀይ ወጣ።

«ውይ፣ ተነጠቅሽ» አለች ሜይ።

አማ ሣጥኑን ከፊቴ አንስተው እማዬ ፊት አኖሩት። እማዬ መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። «ለልጄ ይሁን» አለች።

«አይሆንም» አሉ አማ፣ እየሳቁ። «ይህ ስጦታ አይደለም። የወጣለት ነው የሚወስደው።»

ሁሉም ሳቀ። እማዬ ሣጥኑን ይዛ እንደቆመች ፊቷ ተለወጠ፤ ምክንያቱን ያወቅነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጨዋታው አልቆ ቅመሱ ሲሉን፣ ዓርብ ነው፣ ስብ አለበት ብላ ሳትከፍተው ቀረች። ቤታችን ደርሰን መኪናውን ፓርክ ካደረገች በኋላም አልወረደችም፤ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ትምህርት ቤት ስትገቢ እንቆርሰዋለን» አለችኝ፤ ከዚያ ገብታ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችው።

ብርዱ ሲገባ አማ ወደ ሺያመን ተመለሱ፣ በዚያው ቀሩ። ዮናስ ከፍ አለ፣ ትምህርት ቤትም ገባ፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሥራ ጀምሬ ነበር፣ የእማዬም ጀርባ መታመም ጀምሮ ነበር፤ ስለ ሰባተኛ ክፍል ዳግመኛ አላነሳንም። ሁለት ጊዜ ቤት ስንቀይር ሣጥኑን እማዬ ራሷ በእጇ ያዘችው። ዛሬም ፍሪጁ ላይ አለ፣ ከፍተነው አናውቅም።

አሁን ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። ያኔ እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ስትጋደም ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር፤ ዛሬ እኔም እንደዚያው እጋደማለሁ፤ ዮናስ ከጎኔ የቤት ሥራውን ሲሠራ የእርሳሱን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሜይ ኮሌጅ ገባች አሉ። ምግብ ቤቱ ተሸጦ ጎማ መሸጫ ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት ይህን ስጽፍ እማዬ ለሥራ ልትወጣ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ አየችኝና ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ስለ አማ፣ ስለ ኬኩ አልኳት። በሩን ከፍታ ወጣችና መልሳ አንገቷን አስገባች።

«ሊቁን አንቺ ቀድመሽ እንዳገኘሽው ጻፊ» አለችኝ።