ደም የሚያመጣው ድሮን

ቢቸና አካባቢ ለአንድ ድርጅት የቢዝነስ ፕላን ላጠና የሄድሁ ጊዜ ነው። ዕቅዱ ሸጋ ነበር፤ በወሊድ ደም ለሚፈሳቸው እናቶች ከሞጣ ደም በድሮን መላክ። የእኔ ሥራ ነዋሪውን መጠየቅ ነው።

ጤና ኬላው ጓሮ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ወረቀቴን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ «ድሮን በሳምንት ስንት ጊዜ እንዲመጣላችሁ ትፈልጋላችሁ?»

አንዲት እናት መሬት ላይ የሚጫወት ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈችና ሽቅብ ወደ ሰማይ አየች። እኔ ሞኙ ያረጋጋሁ መስሎኝ፣ «አይዟችሁ፣ ደም ነው የሚያመጣላችሁ!» አልሁ።

የቅኔ መምህር የነበሩ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ደም ማምጣቱንማ እናውቃለን» አሉ ቀስ ብለው። «ይልቅ አንተን የላከህ ማነው?»

የድርጅቱን ስም ልናገር ስል ድንገት ከጀርባዬ አንዳች ነገር እያጓራ ተነሣ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ራሴን ይዤ አግዳሚው ወንበር ሥር ተወሽቄአለሁ። ቆይቼ ዓይኔን ስገልጥ ከአጠገቤ የሽማግሌው በትር ተተክሏል። ከእኔ በቀር ከቦታው የተነቃነቀ ሰው የለም።

«ውጣ ልጄ፣ ወፍጮ ነው» አሉኝ። «የድሮኑን ድምፅማ እኛ ለይተነዋል። በል አሁን ወረቀትህ ላይ ጻፍ፤ ደሙ ሲመጣ ማን ወጥቶ ይቀበላል?»