የዶዘሩን ፍሪሲዮን ማን አበላሸው?

ዲሳሳ ሲጸልይ እንኳ ዓይኑን አይጨፍንም ይባል ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም፤ እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንን እነሱ ጸሎት ቤት ገብቼ አላየሁትም። ዋና መካኒካችን ስለነበር ጋራዥ ውስጥ ግን ለዓመታት አይቼዋለሁ። ምሳውን የሚበላው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው። ናፍታችን በርሜሉ ውስጥ የት እንደደረሰ ማታ ማታ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። እኔን ጤናዬን፣ የመለዋወጫ መጋዘኑን ኃላፊ፣ ኩሽኔታ እየሸጠች ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ቆጠራ አስደርጎብኛል። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ፍሬ አልጎደለም። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፉ አልወጣም።

እንዲህ ሆኖ አልተፈጠረም። ያደገው ደጋ አገር፣ ሻምቡ ነው። አሶሳ የመጣው በሰፈራው ዘመን ከትራክተሮቹ ጋር ሲሆን፣ ያኔ ሳቂታ፣ ጨዋታ ወዳድ ነበር አሉ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የሰፈራው እርሻ ንብረት በአንድ ሳምንት ተዘረፈ፤ ባትሪው፣ ዲናሞው፣ የወንበሩ ስፖንጅ ሳይቀር። የጋራዡ ቁልፍ የተገኘው ዲሳሳ ኪስ ውስጥ ስለነበር ሃያ አንድ ቀን የታሰረው እሱ ነው። የዘረፉት ደግሞ ከአንድ ትሪ አብረውት ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን አቆመ።

ክልሉ በአዲስ መልክ ሲቋቋም ለመንገድ ቢሮአችን ከደረሰው ንብረት ትልቁ አንድ አሮጌ ባለሰንሰለት ዶዘር ነበር። የዚህ ዶዘር ፍሪሲዮን እንደ መኪና በእግር የሚረገጥ አይደለም። ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ረጅም የብረት እጀታ አለ፤ እሱን ገፍተህ ትነዳለህ፣ ስበህ ታቆማለህ። የሚነዳው በቃሉ የሚባል ሾፌር ነው። በልጅነቱ ከወሎ ሰፋሪዎች ጋር የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛነቱ ራሱ ዲሳሳን እንቅልፍ ይነሳው ነበር።

በኅዳር 1988 ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወስደውን፣ ጎርፍ የቆረጠውን የኩርሙክ መንገድ ዶዘሩ ሄዶ ይጥረግ የሚል ትእዛዝ መጣ። ዶዘሩ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር። በቃሉ ሲያስነሳው ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ፤ እጀታው ግን ንቅንቅ አልል አለ። ሁለት ሰው ተንጠለጠለበት፤ ያው ነው።

ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፣ ትእዛዙ ገና ወሬ ሳለ፣ በቃሉ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ «ሚስቴ ሳትወልድ ኩርሙክ የሚባል አገር አልሄድም» ሲል ዲሳሳ ሰምቶታል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

«ክረምቱን ሙሉ ማንም አልነካውም፤ ከነካው እሱ ነው» አለኝ።

«ደግሞ ጀመረህ!» አልኩት።

«አንቺ ሰው ታምኛለሽ። ችግርሽ እሱ ነው።»

በዚያው ቀን ለቢሮው ኃላፊ ደብዳቤ ጻፈ። «ሆን ተብሎ በመንግሥት ንብረት ላይ የተፈጸመ ጉዳት» ይላል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ቀላል አልነበረም። ዓርብ ግምገማ ነበረን፤ ከግምገማ ደግሞ ሰው ሥራውን አጥቶ ይወጣል፣ ሲብስም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። በቃሉ መጋዘኔ መስኮት ላይ መጥቶ ቆመ። «እትዬ ጤናዬ፣ እኔ እጄን አላደረስኩበትም። ሚስቴ በዚህ ሰሞን ትወልዳለች። ከሥራ ከወጣሁ ምን አበላታለሁ?» አለኝ። «አይዞህ፣ እውነቱ ይወጣል» አልኩት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እኔም በልቤ ጠርጥሬው ነበር።

ረቡዕ ዲሳሳ ፍሪሲዮኑን ሊፈታ ተነሳ። ኋላ «ራሱ ነው ያበላሸው» እንዳይባል ምስክር እንድሆነው ጠራኝ። ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ወለል የሰፈር አናጢ የሠራው ጣውላ ነበር። ዲሳሳ ጫፉን ይዞ ቢያነሳው እጁ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርፍር አለ። ከሥሩ ያለው የፍሪሲዮኑ ዘንግና ኩሽኔታ አይታይም፤ ዙሪያውን ቀይ አፈር ተጠቅጥቆበት እንደ ሸክላ ደርቋል። በካቻቢቴ ሲፈነቅለው ነጫጭ ነገር ተርመሰመሰ። ምስጥ ነው።

የአፈሩን መስመር በዓይኔ ተከተልኩት። ከወለሉ ወርዶ፣ በፍሪሲዮኑ መሀል አልፎ፣ በሆዱ ቀዳዳ ወጥቶ ዶዘሩ የቆመበት ግንድ ላይ ደረሰ። ግንዱን በሰኔ ያስነጠፈው ራሱ ዲሳሳ ነው፤ ሰንሰለቱ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ደጋ አገር እንዲህ ይደረጋል ብሎ። ያን ዕለት ዘበኛችን ከሊፋ፣ የአገሩ ተወላጅ የበርታ ሰው፣ ሲለምነው እዚያው ቆሜ ነበር። «ዲሳሳ፣ እንጨት አታድርግ። እዚህ አገር እንጨት መሬት ላይ አይተኛም፣ ምስጥ ይመጣል። ድንጋይ አድርግ፣ ወላሂ ድንጋይ ይሻላል።» ዲሳሳ፣ «ብረት የሚበላ ምስጥ የት አለ?» አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ግንዱን ለማገዶ ፈልጎት ነው» አለኝ።

አሁን ቁጭ ብሎ አፈሩን ያያል። ከእኔና ከእሱ በቀር ሰው የለም። ጠርጎ በናፍታ ቢያጥበው ወሬው እዚያው ይቀራል። ቀና ብሎ አየኝ። ትናገር ይሆን ብሎ እየመዘነኝ እንደሆነ ገባኝ። እኔም ይደብቀው ይሆን ብዬ እየመዘንኩት ነበር።

«ምን ታየኛለህ? ግንዱን እኔ ነኝ ያስነጠፍኩት?» ብዬ ጮህኩበት።

ካቻቢቴውን አነሳና እስኪመሽ አፈሩን ሲፍቅ ዋለ። በማግስቱ ዘንጉን አጠበ፣ ከእኔ አዲስ ኩሽኔታ ፈርሞ ወሰደ፣ ግራሶ ሞላበት፣ ገጠመ። ከሰዓት በኋላ እጀታው በአንድ እጅ ቀጭ ብሎ ገባ። ስለ በቃሉ አንዲት ቃል ይተነፍስ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። እጁን ታጥቦ ቤቱ ሄደ። በንዴት ራት አልበላሁም።

ዓርብ ኃላፊው ደብዳቤውን አነበበ። በቃሉ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ሰው እየተነሳ፣ «ዝምታው ያጠራጥራል»፣ «እኔም አንድ ነገር ሸትቶኝ ነበር» ይል ጀመር። ልነሳ ስል ዲሳሳ ቀደመኝ።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዶዘሩን ያበላሸሁትም እኔ ነኝ» አለ። ግንዱን፣ ምስጡን፣ የከሊፋን ምክር አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አቶ ዲሳሳ፣ እንዲህ በል ያለህ ማን ነው?»

«ማንም።»

«በቃሉ ዘመድህ ነው?»

«እሱ ወሎ፣ እኔ ሻምቡ። ምን ያዛምደናል?»

«ታዲያ ምን ሰጠህ?»

ብድግ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ይባስ ብለው በእኔና በዲሳሳ መካከል ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ደሜ ፈላ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወጥቶ የተበላውን ጣውላና የአፈሩን ክምር አየ። በቃሉ ነጻ ወጣ፤ ዲሳሳ ከዋና መካኒክነት ወርዶ ተራ መካኒክ ሆነ።

ደጅ ማንጎው ሥር ቆመን ሳለ በቃሉ መጣ። ሊያመሰግነው መስሎኝ ገለል ልል ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ ዲሳሳ፣ አሁን የሚሰማን የለም፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከእኔ ምን ፈልገው ነው?» አለው።

«ምንም አልፈለግኩም፣ ልጄ።»

«እሺ» አለ በቃሉ። እንዳላመነው ከፊቱ ይነበባል።

ሚስቱ በሰላም ወለደችና በሳምንቱ ወደ ኩርሙክ ሊወጣ ሆነ። ሁላችንም ልንሸኘው ወጣን። ከመሳፈሩ በፊት መሬት ላይ ተንጋሎ ዶዘሩ ሥር ገባ። ዲሳሳ ያጠበቀውን ቡሎን ሁሉ በራሱ መፍቻ አንድ በአንድ ሞከረ። ከዚያ ወጥቶ አዲሱን ወለል አንስቶ ፍሪሲዮኑን አየ፣ እጀታውን ሦስት አራት ጊዜ ገፋ ሳብ አደረገ። ዲሳሳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል። አንጀቴን በላው።

«ኧረ አንድ ነገር በለው! በሰው ፊት እንዲህ ሲያዋርድህ ዝም ትላለህ?» አልኩት።

«ተይው ጤናዬ፣ ይፈትሽ» አለኝ። «እኔም በእሱ ቦታ ብሆን፣ ዲሳሳ የሠራውን ሳልፈትሽ አልነዳም።»