የሸክላው ሠራዊት ዓይን

ሁሉም ነገር ሠራዊት በሚባልበት ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራዊቱን ጠረጴዛ ላይ ለማሰለፍ ወሰነ። ገበሬው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ የልማት ሠራዊት ሆኗል፤ ከክልል የሚመጡ እንግዶች ደግሞ ይህን ሠራዊት ማየት ይፈልጋሉ። ግን ጊዜው ክረምት ነው፣ እንግዶቹም ጭቃ አይወዱም። ስለዚህ እርከኑ፣ ቦዩ፣ የበቆሎ ማሳው፣ በሬው፣ ገበሬውና አመራሩ ሁሉ አንሶ አንሶ አዳራሽ ውስጥ ይግባ ተባለ። ከጅጋ መንገድ ዳር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ከመሐል ጣት የማይበልጡ ሰዎች ሠርታ፣ ተኩሳ ላከች። ቀለም መቀባቱ ለእኔ ደረሰ።

ለእኔ የደረሰው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ተማሪ ስለነበርሁ ነው። የኔታ የምላቸው አስተማሪዬ ከቡሬ እስከ ሽንዲ ብዙ ግድግዳ የሣሉ ሽማግሌ ናቸው። ደንባቸው የታወቀ ነው፤ ተማሪ መጀመሪያ ቀለም ይበጠብጣል፣ ቀጥሎ መደቡን ይቀባል፣ ሲበረታ የልብስ ጥለት ይሰጠዋል። ዓይን ግን የእሳቸው ነው። እኔ ጥለት ላይ ከቆምሁ ሰንብቻለሁ። በዓለም ላይ ከምንም በላይ የምፈልገው ዓይን መሣል ነበር። "የኔታ፣ ዓይን መቼ ልሞክር?" ስላቸው፣ ብሩሻቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ "ገና ነህ" ይሉኛል። እኔም የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የተቀበልሁት ለልማት ተቆርቁሬ አይደለም። ያለ ማንም ፈቃድ የምሥለው ብዙ ዓይን ስላገኘሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ጉድ ሠራኋቸው። የተሰጠኝ የበር ቀለም ነበር፤ ወፍሮ ፊታቸውን ሞላውና አፍና አፍንጫቸው ጠፋ። ነጭ ነጥብ አድርጌ መሐሉ ላይ ጥቁር ሳሳርፍ ገበሬው ሁሉ ጅብ ያየ መሰለ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ የማይለይ ጎልማሳ፣ አንዱን አንሥቶ አየና "ይህን ሠራዊት ምን አስደነገጠው?" አለኝ። የማዳበሪያ ዋጋ ሰምቶ ይሆናል ልለው አልሁና ተውሁት።

ቀስ በቀስ እጄ ገራ። ቀለሙን በነጭ ጋዝ አቅጥኜ፣ ስስ ስስ አድርጌ፣ እያደረቅሁ መደረብ ጀመርሁ። በጣቴ እየነካሁ እንዳላበላሽ ሰዎቹን በሰም እያጣበቅሁ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ አቆምኋቸው። ጋቢውን መጀመሪያ ግራጫ እቀባና፣ ነጭ የነካውን ብሩሽ ጨርቅ ላይ ጠርጌ ጠርጌ ሊደርቅ ሲል እጥፋቱ ላይ ብቻ አሳልፈዋለሁ፤ ጋቢው ያን ጊዜ ጋቢ ይሆናል። የዓይኑን ነገር ያገኘሁት ግን በስሕተት ነው። ብሩሹ አዳለጠኝና ጥቁሩ ነጥብ ወደ ላይ ሸሽቶ ከዓይኑ ቆብ ሥር ገባ፤ ሰውየው ድንጋጤውን ተወና ማየት ጀመረ። ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅሁ። በኪሴ ይዤው ወደ የኔታ ልሮጥ ነበር፤ ያቺን "ገና ነህ" ፈርቼ ቀረሁ።

እኔ እየተሻሻልሁ ስሄድ የባለሙያው ትእዛዝም አብሮ ተሻሻለ። ስንት ደክሜ አንዱ ሱሪ ላይ ያወጣኋትን መጣፊያ "ሠራዊት መጣፊያ የለውም" ብሎ አስጠፋኝ። ሁሉም የላስቲክ ጫማ እንዲያደርጉ ተደረገ። በሬዎቹ ይወፍሩ ተባለ። የተተኮሰ ሸክላ በቀለም እንዴት እንደሚወፍር ዛሬም አልገባኝም፤ ብቻ ጎናቸውን አበራሁት፣ እሱም መወፈራቸውን አምኖ ሄደ።

በመጨረሻ የአሰላለፉ ነገር መጣ። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ገበሬዎቹ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ ያደርጋሉ፤ የአንድ ለአምስት መሪዎቹና ከእነሱ በላይ ያሉት አመራሮች ደግሞ ወደ ጎን ዞረው ገበሬዎቹን ያያሉ። ክትትልና ድጋፍ መሆኑ ነው። ቆሜ ሳየው ደነገጥሁ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ከሐዲ ግን ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም፣ ቅዳሴ ቆሞ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

"ይህ ነገር ቢታሰብበት" አልሁት። "አመራሮቹ ከእንግዶቹ በኩል ሲታዩ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖራቸው።"

ባለሙያው የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። ግን "ያለብህ የአመለካከት ችግር ነው" አለኝ። "እንዲያውም እንግዶቹ ዐርብ ይደርሳሉ፣ በማይታየው በኩል አትድከም። አንድ አንዱን ዓይን ሥለህ ጨርስ።"

ይህን እንኳ እሺ አላልሁም። ዐርብ የአገር ሽማግሌዎችም ተጠርተዋል፣ የኔታም ከእነሱ ጋር ናቸው። ሥራዬን አዙሮ የሚያይ ሰው ቢገኝ እሳቸው ናቸው። የእያንዳንዱን አመራር ሁለተኛ ዓይን፣ ወደ ግድግዳው የዞረውን፣ ከሚታየው አስበልጬ ተጠብቤ ሠራሁት።

ዐርብ ዕለት አዳራሹ ሞላ፤ እንግዶቹ ከፊት፣ ገበሬው ከኋላ። ጠረጴዛው የተሸፈነበት ጨርቅ ተነሣ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ፣ ሳሉም ወደ ጎረቤቱ ተላለፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"እኒህ ዞረው የቆሙት እነማን ናቸው?" አለ አንድ ገበሬ።

"አመራሮቹ ናቸው አሉ።"

"ኧኸ፣ ከቤተስኪያንም እንዲሁ ናቸው" አለ፣ እንደ ዋዛ።

ዋናው እንግዳም ቅዳሴ ቆመው ያደጉ ሰው ኖሮ ፊታቸው ተለዋወጠ። "የእነዚህ ሁለተኛ ዓይን የት ሄደ?" ብለው ጠየቁ። ባለሙያው እስክሪብቶውን እየዳበሰ ወደ እኔ አመለከተ። "የሠዓሊው የአቅም ውስንነት ነው" አለ። "ዓይን መሣል አይችልም።"

ከሥራው ቢያባርሩኝ ግድ አልነበረኝም። በየኔታ ፊት ዓይን አይችልም መባሌ ግን አንገበገበኝ፤ አፌን ብከፍት የማለቅስ መሰለኝ።

የኔታ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሥተው በዘንጋቸው እየተመረኮዙ መጡ። ማንንም ሳያስፈቅዱ አንዱን አመራር ከጠረጴዛው አነሡ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘውት ሄዱ፣ ያን የተደበቀውን ጎኑን አዙረው ብዙ አዩት።

"ዓይንስ አለው" አሉ። "ደኅና ዓይን ነው። ግድግዳውን እያየበት ነው እንጅ።"

ከዚያ በኋላ የሳለ የለም፤ ሰው በግልጥ ሳቀ። ባለሙያው መፍትሔ ብሎ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አስነሥቶ መሐል አስገባው፣ ሰውም እየዞረ ያይ ጀመር። ከዚያም በኩል ሲታዩ ያው አንድ ዓይን ነበራቸው።

ወደ ውጭ ስንወጣ የኔታን ተከተልኋቸው። ስለ ዓይኑ ለመጠየቅ ድፍረቱን አጥቼ አብሬ ተራመድሁ።

"ሰኞ በጧት ና" አሉኝ። "ዓይን ትጀምራለህ።"

ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል በዘንጋቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"በሰይጣኖቹ ነው የምትጀምረው። አንድ አንድ ዓይን ስለሆነ ብታበላሽም ጥፋቱ ግማሽ ነው። ደግሞም እጅህ ለምዷቸዋል።"