የፕላስቲክ ሣራችንን ማን አቃጠለው

ልጃችን ያንን የፕላስቲክ ሣር ጠቅልላ በታክሲ ያመጣች ዕለት፣ እናቷ ጫማዋን አውልቃ ነው የተቀበለችው። ግቢያችን ጉለሌ ዳገቱ ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የእንጦጦ ጭቃ ሁሉ ወርዶ ወርዶ እኛ ደጅ የሚያርፍ ይመስለኛል። ሣሩ ከተነጠፈ ወዲህ ግን ባለቤቴ ጠዋት ተነሥታ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ እሱን መጥረግ ሆነ። ለእንቁጣጣሽ ከሸጎሌ ገዝቼ ያመጣሁት በግ እንኳ ጎንበስ ብሎ ቀመሰውና፣ ቀና ብሎ እንዳታለለው ሰው አየኝ። ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ደጁ ላይ ቁጭ አለች።

እንዲህ ደስ ብሎን ሳለ መስቀል አለፈ፤ ፀሐይዋም ወጣች። አንድ ቀን ሣሩ መሐል ላይ መዳፍ የምታህል ጠባሳ አየን። ክሮቹ ተኮማትረዋል፤ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ሻማ የነካው ፀጉር መስለዋል።

«ፍም ነው» አለች ባለቤቴ።

ፍም ማን ዘንድ እንዳለ ደግሞ ግቢው ያውቃል። በስተኋላ ባለችው ክፍል ተከራይ አለችን፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከእኛ ጋር ስለከረመች ተከራይ ማለቱ ራሱ ይከብደኛል፤ እኔን አባባ፣ ባለቤቴን እትዬ ትለናለች። መብራት ሲጠፋባት ከሰሏን ደጅ አውጥታ ታቀጣጥላለች። ጭሱ ቤት እንዳይገባ ማን እንዲህ የማያደርግ አለ?

«እኔ የማቀጣጥለው ከሣሩ ወዲያ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው እትዬ» አለች።

«ታዲያ ፍሙ እግር አውጥቶ ሄደ?»

«እግርማ የለውም። ለዚህ እኮ ነው እኔ አይደለሁም የምልዎት።»

ነገሩ በዚህ በበረደ ጥሩ ነበር። ጠባሳው ግን አላርፍ አለ። በየሳምንቱ እየረዘመ፣ እንደ እባብ ወደ ግንቡ ተሳበ። እሷ ጸሎት ቤቷ በዋለችበት እሑድ እንኳ አዲስ ጠባሳ ጨመረ። ይህንን ለባለቤቴ ባስታውሳት፣ «ቅዳሜ ማታ የደፋችው ነዋ እሑድ የታየው» ብላ ዘጋችኝ። ባለቤቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የወደደችው ነገር ሲነካባት ግን ጆሮዋ ይደፈናል። አንድ ማታማ ተከራያችን እየሰማች፣ «ዛሬ ሣር ነው፤ ነገ ቤት ስታቃጥል ነው የምንባንነው?» አለች።

በማግስቱ ተከራያችን እኔ ዘንድ መጣች። አላለቀሰችም።

«አባባ፣ ሸጎሌ ቤት አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ዕቃዬን አወጣለሁ። ቤት አቃጣይ ተብዬ እዚህ አላድርም።»

እኔ እስከ ቀጨኔ ድረስ እየተጠራሁ ባልና ሚስት ሳስታርቅ የኖርኩ ሽማግሌ ነኝ። የገዛ ግቢዬ ሲፈርስ ዝም ብዬ ልይ? ጥፋቷ ከሆነ ጥፋቷ ነው፤ ካልሆነ ግን ያቃጠለውን ሳላገኝ ቅዳሜ መድረስ የለበትም አልኩ።

ዓርብ ምሳ በልቼ በርጩማ ይዤ ሣሩ ዳር ተቀመጥኩ።

«ሌባ ይጠበቃል፤ ፍምም ይጠበቃል እንዴ?» ብላ ባለቤቴ ስቃብኝ ወደ ጎረቤት ሄደች።

ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ እግሬን ጠባሳው ላይ ዘርግቼ እንቅልፍ ቢጤ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ኮንጎ ጫማዬ ፈጀኝ። ብድግ አልኩ። ጫማውን ብነካው ለስልሷል። ሣሩ ላይ ደግሞ ረዘም ያለ፣ እንደ ውኃ የሚንቀለቀል ብርሃን ተኝቷል። እጄን ሰደድኩበት፤ ምድጃ ነው። ወደ መሬት ስመለከት ደግሞ ያላሰብኩትን አየሁ። ጥላዬ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ በምሥራቅ በኩል፣ አንዱ በምዕራብ በኩል።

እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ሌላ ትምህርት አላየሁም። ቢሆንም ሁለት ጥላ ያለው ሰው ሁለት ፀሐይ እንደወጣችበት አይጠፋኝም። አንዷ ያቻት፣ በቦታዋ አለች። ሁለተኛዋን ፍለጋ ዞር ብል፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው አዲስ ፎቅ ላይ አገኘኋት። ክረምቱን ሙሉ መስታወት ሲገጥሙለት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ፀሐይ የት አለችና እናስተውለው። ፊት የሚያሳይ ዓይነት መስታወት ነው። አንደኛው መስኮት እንዲህ ይነድዳል፣ ዓይን አያስቆምም።

ከስንት ዘመን ወዲህ ሮጥኩ። ባለቤቴን ከጎረቤት ቤት እጇን ይዤ ጎትቼ አመጣኋት። ስንደርስ ደመና ሸፍኖት፣ ሣሩ ላይ ምንም የለም።

«ፀሐይ ሣር ታበቅላለች እንጂ ታቃጥላለች?» አለችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ለሷ ስትል ፀሐይን ወነጀልክ።»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። አልጋው ተጫነ፤ ዕቃው ሁሉ ተጫነ። የቀሩት የስፌት ማሽኑና ወንበሩ ናቸው። ቀና ብዬ ሰማዩን ባየው፣ እንጦጦ ላይ ደመና እንደ ጋቢ ተጥሏል። ወንበሩን አንሥቼ ሣሩ ዳር አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት።

«አባባ፣ እሱን እንጫነው» አለኝ ሹፌሩ።

«ፀሐይዋ ትውጣና ትጭነዋለህ።»

«ፀሐይ እስክትወጣ ልጠብቅ? እኔ ሹፌር ነኝ አባባ፣ አውራ ዶሮ አይደለሁም።»

ጫኞቹ ሳቁ። ጎረቤቱም በር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ተከራያችን ቀርባ፣ «ይነሡ እንጂ አባባ፣ ሰው እየሳቀብን ነው» አለችኝ፤ ድምጿ ግን ቁጣ አልነበረበትም።

«ይሳቅ። ሲስቅ ጊዜው ይሄድልኛል።»

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ሆና ፊቷን አዙራለች። እኔ ደመናውን ነው የማየው። ትንሽ ሳሳ ይላል፤ ተመልሶ ይከደናል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እኔም በሆዴ፣ እመቤቴ ማርያም፣ ለአንድ አፍታ ብቻ እያልኩ ሳለሁ ደመናው ተቀደደ። ያ መስኮት ቦግ አለ፤ ብርሃኑም ከግንቡ በላይ አልፎ ሣሩ መሐል ዘጭ አለ። በጣቴ ብቻ አሳየሁ።

ባለቤቴ ከበረንዳው ወረደች። እንደ ልማዷ ባዶ እግሯን ነበረች። ሣሩን አቋርጣ መጥታ ብርሃኑ ውስጥ ገባች፤ አፍታም ሳትቆይ እግሯን ሰበሰበች። ጎንበስ ብላ መዳፏን ዘረጋች፤ ሰበሰበች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መስኮቱን አየች፤ ከዚያ ጠባሳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኗ ተከተለችው። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ከዚያ ምን አደረገች፣ የአበባ መደቡ ዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን ነቅላ ትከሻዋ ላይ አደረገች። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቁ የጥንት ወግ ነው፤ ዛሬ ከተማው ረስቶታል። እኔ እንኳ በሽምግልናዬ ብዙ ጊዜ አላየሁትም። አፈሩ በነጠላዋ ላይ እየረገፈ ወደ አይሱዙው ሄደች።

«በድዬሻለሁ» አለች። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ተከራያችን እጇ ላይ የነበረውን ጣለችና ሮጣ ድንጋዩን ያዘች። «ምን ሆነዋል እትዬ፣ ያውርዱት፣ ወገብዎ—»

«ይቅር ሳትዪኝ አላወርድም።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ይቅር ብያለሁ፤ በቃ ያውርዱት።»

ድንጋዩን ለሁለት ሆነው አወረዱት።

«እና፣» አለ ሹፌሩ፣ «እንጫን ወይስ እናውርድ?»

የተከራያችንን አፍ አየሁ። እሷ ሣሩን ነው የምታየው፤ ብርሃኑ አሁንም ተኝቶበታል። በኋላ ከፎቁ ባለቤት ጋር ተነጋግረን መስታወቱ ላይ የሚያደበዝዝ ላስቲክ አስለጠፈ፤ እኛም አረንጓዴ የጥላ መረብ ወጠርን። ያን ሰዓት ግን መረብ ከየት ይምጣ? እሷ አይሱዙው ላይ ወጣች፤ አንዱን ጓዟን ፈታች፤ የአልጋ ልብሷን መዝዛ ወረደች።

«ሣሩ እየነደደ ቆማችሁ ታዩታላችሁ?» አለች። የልብስ ማስጫውን ገመድ ከፍ አድርጋ የአልጋ ልብሱን በፎቁ ፊት ለፊት አሰጣችው። ብርሃኑ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ሣሩም ጥላ ሆነ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አራግፋ ወደ ጫኞቹ ዞረች።

«አልጋውን አስቀድማችሁ አውርዱ» አለቻቸው። «ስታልፉ ሣሩን እንዳትረግጡብኝ።»