የመመዝገቢያው መስኮት

እህቴና ባሏ ከቤሌ ወደ ሶዶ ሲያመጡኝ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አንደኛ ክፍል የገባሁትም ያኔ ነው። አሥረኛን በማታ ትምህርት ስጨርስ ሃያ ስድስት ሞልቶኛል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በእህቴ ባል የማስታወቂያ ሱቅ ስቲከር ስለጥፍ ኖርኩ። ጋሼ ነበር የምለው። ማሽኑን እሱ ያዛል፤ ፊደሉ ተቆርጦ ሲወጣ ትርፉን በመርፌ እየለቀምኩ መስታወት ላይ የማሳርፈው እኔ ነኝ። ደንበኛ ፊት "እጇ ውኃ ልክ ነው" ይላል። ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ባይለኝ ኖሮ ቀድሜ እወጣ ነበር።

ውጤቴ ለኮሌጅ በቃ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበርና ፈቃድ ጠየቅሁት። ጋሼ ሳቀ።

"የምን ፈቃድ? ሥራውም እዚያው ነው! የመመዝገቢያውን መስኮት ነው የምትለጥፊው። ለጥፈሽ ትመዘገቢያለሽ።"

ችግሩ የማንሻው ፕላስተር ማለቁ ነበር። ፊደሎቹን ከነአሰላለፋቸው ከወረቀታቸው አንስቶ መስታወት ላይ የሚያሳርፈው ይህ ፕላስተር ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ሲያልቅብን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር እንሠራለን። የዚህኛው ሙጫ ኃይለኛ ስለሆነ መጀመሪያ ቀሚሴ ላይ እየለጠፍኩ እየላጥኩ አደክመዋለሁ። ሦስት ጊዜ። ሁለቴ ከሆነ ፊደሉን አይለቅም፤ አራቴ ከሆነ አያነሳም።

ዓርብ ኮሌጁ ሄጄ የመስኮቱ ሠራተኛ ለምሳ ስትወጣ ጀመርኩ። ተሰልፈው የነበሩት ተራቸውን በድንጋይና በደብተር አስይዘው ጥላ ሥር ተቀመጡ። የእኔን ተራ የያዘልኝ ሰነዶቼ ያሉበት ቦርሳዬ ነው። ከላይ ያለው ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሆነ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ወዲያው ተቀመጠ። ለአማርኛው ግን ቸኮልኩ። ፕላስተሩን ሁለቴ ብቻ ቀሚሴ ላይ አሳረፍኩት። ባለቀ የስልክ ካርድ አሽቼ ፕላስተሩን ስልጥ ግማሹ ፊደል መስታወቱ ላይ ቀረ፤ ግማሹ ከፕላስተሩ ጋር ተመልሶ መጣ። የ"ሄ" ቀለበት ተበጥሳ ተጠቀለለች።

ሠራተኛዋ ተመልሳ ስታይ "ውይ!" አለችና ሰልፉን ወደ ጎን በር አዞረችው።

"እህት፣ ነይ እንጂ፣ ተራሽ እየደረሰ ነው" አለኝ ከእኔ ኋላ የተሰለፈ ከአረካ የመጣ ጎልማሳ፣ ቦርሳዬን በእግሩ ወደፊት እየገፋ።

"መጣሁ።"

"መስታወቱ የትም አይሄድም እኮ! እኛ ነን የምንሄደው።"

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄ ግን አልቆመም። ከትርፍራፊው በምላጭ እየቆረጥኩ፣ እግር ላጣው እግር፣ ቀለበት ላጣው ቀለበት አበጀሁ። ትቼው መሄድ እችል ነበር። ሰኞ ተመልሼ ማስተካከል እችል ነበር። ይህን ዛሬ ብቻ ሳይሆን ያን ቀንም አውቅ ነበር። ግን የተዛነፈ ጽሑፍ ከኋላዬ ትቼ በር መግባት አልሆነልኝም። ሰውየው ተመዝግቦ ሲወጣ ቦርሳዬን አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረልኝ።

የመጨረሻውን ቁጥር አሽቼ ዞር ስል የጎኑ በር እየተቆለፈ ነበር።

"እኔ ቀረሁ" አልኳት ሠራተኛዋን።

ሰዓቷን አየች። "የኔ እመቤት፣ መዝገቡ ተዘግቶ ለዲኑ ሄዷል። ለከርሞ እንግዲህ።" ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረች። "ግን እንዴት ያምራል!"

ብቻዬን ስቀር አነበብኩት፦ "ምዝገባ የሚካሄደው ከ2፡30 እስከ 11፡00 ሰዓት ብቻ ነው።" ፀጉር ታህል አልተዛነፈም። ቤት ስገባ ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ቀጥ አለ?" ብሎ እንደሆነ፣ እኔም "ቀጥ ብሏል" እንደምለው አውቄዋለሁ። ማንም አላሰረኝም፤ የምከሰው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ጥፍሬን የአሥራ አንዱ ጠርዝ ላይ አድርጌ ላነሳው ሞከርኩ። አልተነሳም።